ጃኬቴን የማሰጣው ውጪ ነው

የቆዳ ጃኬት ካላችሁና ኑሯችሁ ቦንጋ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፉበት። እዚህ አገር ዝናቡ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይከርማል፣ ሄደልን ስንል ደግሞ ዕቃ እንደረሳ ሰው ይመለሳል። የተዘጋበት ቆዳ በሳምንቱ አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። ስለዚህ የእኔ ጃኬት የሚሰጣው ውጪ ነው፤ ገመድ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት በኩል። በዚህ ምክንያት አንድ ቤት ለቅቄያለሁ። ሌላም ቤት ካስለቀቀኝ እለቃለሁ፣ ዕቃዬ ብዙ አይደለም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው፤ ሥራ ያገኘሁት ግን ቦንጋ ሆነና መጣሁ። ሥራዬ የከብት ክትባት ይዤ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ነው። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሲመድብልኝ አንድ ባልደረባዬ «ለሴት ልጅ ሞተር ሰጥቶ ፊልድ መላክ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ። ሰውየው መንዳት አይችልም። አብረን ፊልድ ስንወጣ እስከ ዛሬ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው፣ ኩርባ ላይ ስደርስም ወገቤን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

መውደቅ ግን ወድቄያለሁ፣ አልዋሽም። ወደ ደካ ስሄድ አንድ ቁልቁለት ላይ ኮረኮንቹ አንሸራተተኝ። የለበስኩት የናይለን ጃኬት እንደ ወረቀት ተቀደደ፤ የክርኔ ቆዳም አብሮት ሄደ። ቁስሉ ሲሽር ጅማ ወረድኩና ከሰልባጅ ተራ የቆዳ ጃኬት፣ የቆዳ ሱሪ፣ ጓንትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡትስ ገዛሁ። የራሴ ቆዳ ከሚላጥ የበሬው ይላጥ ብዬ ነው። መሥሪያ ቤት ለብሼ የገባሁ ቀን ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ያኔ የተከራየሁት ከአንዲት ባለ ሰፊ ግቢ ሴት ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ወባ ይዞኝ ስተኛ ሦስት ቀን ሙሉ አጥሚት ይዘው የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢውን ብቻቸውን ነው የያዙት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተሰጣ፣ ምን ተነሳ፣ ሳያዩት የሚያልፍ ነገር የለም።

አባቴ ሊጠይቀኝ የመጣው በዚያው ክረምት ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሯል። ስለ ራሱ ግን የምናውቀው አንድ መስመር አይሞላም፤ ትውልዱ እዚሁ ካፋ፣ ዋጫ አካባቢ ነው፣ ልጅ ሆኖ ከዚያ ወጥቷል፣ አልተመለሰም። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ትችላለህ ወይ ስንለው «ረስቼዋለሁ» ይላል። ስለ ዘመድ ስንጠይቀው «አልቀዋል» ይላል። ከዚያ በላይ ከገፋንበት መልሱ አንዲት ናት፤ ዝም አይነቅዝም።

አንድ አመልም አለው። ሰው ቤት ሲሄድ ደጃፍ ላይ ይቆማል። «ይግቡ» ቢሉት አይገባም። ሲደግሙለት ባርኔጣውን ያወልቃል። ሦስተኛ ሲባል ጫማውን በደንብ ይጠርግና ይገባል፣ ከገባም በኋላ ለበሩ የቀረበችውን ወንበር ይመርጣል። እናቴ በሕይወት ሳለች «የኔ ጨዋ» ትለው ነበር። እኔም ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

እትዬንም በመጀመሪያው ቀን ደጃፋቸው ላይ ሦስቴ አስለመናቸው። ሲገባ ሻይ ቀዱለትና «ጋሼ፣ ከማን ወገን ነዎት?» ብለው ጠየቁት። እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ከሰላምታ አይለይም። አባቴ «እኔ እንኳ የጅማ ሰው ነኝ እሜቴ» አለና ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ። አልሸሹም ዞር አሉ አልኩ በልቤ። ለምን ዞር እንዳለ ግን አላወቅሁም።

በመጣ በአራተኛው ቀን ማንኪራ ለክትባት ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር። ከጥጆች ጋር ስታገል ውዬ፣ ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ሞተሩን ገፍቼ፣ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ተለቅልቄ ወደ ማታ ተመለስኩ። አባቴ ሻይ ሊያፈላ ከሰል አቀጣጥሎ ነበር። ደስ አለኝ። ወንበሩን ወደ ከሰሉ ሳብኩና ጃኬቱን መደገፊያው ላይ አንጠለጠልኩት። ቡትሱንም አጠገቡ ገተርኩት።

«ከእሳት አንሺው።»

አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ዞር ሳልል ጃኬቱን አንስቶ በሩ አጠገብ ደርሷል።

«ቆዳ እሳት ካገኘው ይሞታል» አለ።

«የሞተማ ድሮ ነው አባዬ። በሬው ተበልቶ አልቋል።»

አልሳቀም። ጃኬቱን በትከሻው ይዞ፣ ክርኑን፣ ብብቱን፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ያየው ጀመር። ከዚያ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። ለብ ያለ ውሃ አምጪ አለኝ፣ አመጣሁ። የዱቄት ሳሙናዬን ሳቀርብለት በእጁ ገፋው። «ይሄ ወዙን ይበላዋል። የገላ ሳሙና የለሽም?» አለ። ጃኬቱን ውሃ ውስጥ አልነከረውም፤ ጨርቁን እርጥብ አድርጎ፣ ጨምቆ፣ ጭቃውን ከላይ ወደ ታች እየጠረገ አወረደው። ስፌቱ ውስጥ የገባውን በጥርስ ብሩሽ አወጣው። የጥርስ ብሩሹ የእኔ ነበር፤ ያን ጊዜ ለመቃወም አልደፈርኩም።

ሱሪውንም እንዲሁ አደረገው። ዚፑን ሁሉ ከፈተ፣ ኪሶቹን ገለበጠ። ከጓሮ የደረቀ ኮባ አስመጣኝና እጅጌዎቹን ሞላቸው፣ ሲደርቁ እንዳይጨማደዱ። ቡትሱ ውስጥ ደረቅ የቡና ገለባ እስከ አፉ ጠቀጠቀ። እርጥበቱን ገለባው ይጠጣዋል፣ ጠዋት አፍስሰሽ በሌላ ትቀይሪዋለሽ አለኝ። ጓንቱን ግን ለእኔ ወረወረልኝ።

«ልበሺው።»

«እርጥብ ነው እኮ።»

«እጅሽ ላይ ይድረቅ። እጅሽን ይወቀው።»

በገዛ ቤቴ እርጥብ ጓንት ለብሼ፣ ሻይ መያዝ ተስኖኝ ተቀመጥኩ። አባቴ ከቦርሳው የጉሎ ዘይት አወጣ፤ ለጉልበቱ የሚቀባው ነው። በማግሥቱ ጃኬቱ ጠፈፍ ሲል ዘይቱን በጣቱ ጫፍ እየነካ ቀባው፤ ከዚያ ክርኑ አካባቢ የደረቀውን ቦታ በሁለት እጁ ይዞ ያጥፈው፣ ይዘረጋው፣ ያሸው ጀመር።

«ቀብተሽ ዝም ብለሽ አትተዪው» አለኝ። «ይለፋ። ያልለፋ ቆዳ ይሰነጠቃል።»

አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል የለውም። ቆዳም ይለፋል፣ ሰውም ይለፋል፤ ልፋት ያው ልፋት ነው። አባቴ ከወረቀት በቀር ሌላ ነገር ሲይዝ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን እጆቹ ሳያያቸው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

«የት ተማርከው?» አልኩት።

«ሲሠራ አይቻለሁ።»

«የት?»

«ሲሠራ» አለና ፊቱን አዞረ።

ሲጨርስ ጃኬቱንና ሱሪውን ይዞ የምተኛበት ክፍል ገባ፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ በግድግዳውና በሣጥኑ መካከል ሰቀላቸው። ነፋስ ወዳለበት እናውጣው ስለው «እዚህ ይሻላል፣ ሰው አያየውም» አለ። ሰው ቢያየው ምን ይሆናል አላልኩትም፤ ያን ሁሉ ደክሞበት እንዴት እምቢ እለዋለሁ። በተሰቀለ በአምስተኛው ቀን ስመለከተው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሻጋታ ወሮታል። የሻጋታው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አቼቶ በውሃ አቅጥኜ በጨርቅ ጠረግሁት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ዝናቡም ለጊዜው ተወት አድርጎናል። አባቴን ሳላማክር ጃኬቱን፣ ሱሪውንና ጓንቱን ግቢው መሀል ያለው የእትዬ ገመድ ላይ፣ ከአቮካዶው ጥላ ሥር አሰጣኋቸው።

ሻይ ሳልጨርስ እትዬ መጡ። አጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ከገመዴ ላይ አንሺልኝ።»

«ለምን እትዬ? ታጥቧል እኮ።»

«መታጠቡን አላልኩም። ቆዳ እዚህ ግቢ ተሰጥቶ አያውቅም። መንገደኛ ያልፋል፣ ያያል። ምን ይላል?»

«ጃኬት ነው ይላላ።»

«ሱሪውስ? የተወጠረ ቆዳ አይደል የሚመስለው?» አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞረው በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። ጎረቤቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

እኔ አልገባኝም። አባቴ ግን ከኋላዬ፣ ከደረጃው ተነስቶ መጣ፤ በሁለት እጁ ልብሶቹን ከገመዱ እየሰበሰበ ለእትዬ ነገር መልስ ሰጠ። በካፊኖኖ ነበር የመለሰላቸው።

እትዬ በጣም ደነገጡ። «ጋሼ፣ ቋንቋውን ይሰሙታል እንዴ?» አሉት።

አባቴ በዚያ ቋንቋ መናገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው። አንገቱን ደፍቶ፣ ጃኬቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ቤት ገባ። እትዬ ከኋላው ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ሌላ ነበር። «ሁለተኛ ገመዴ ላይ ካየሁት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሉኝና ሄዱ።

ቤት ስገባ አባቴ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ጅማ እሄዳለሁ። እኔ ከሌለሁ ነገሩን ይተዉታል። አንቺም ቤትሽን አታጪም።»

«ምን አሉ አባዬ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እትዬ የተናገሩትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። አማርኛው ፋቂ የሚለው ነው፤ በዚያኛው ቋንቋ ይብሳል አለኝ አባቴ። ግቢዬን የፋቂ ግቢ አስመሰለችው ነው ያሉት። እሱም የመለሰው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን ይነሳል» ብሎ ነው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ የሰማት መልስ ናት፤ ከቋንቋው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እሷ አልጠፋችም።

ከዚያ ነገረኝ። አያቴ ቆዳ ያለፋ ነበር። በዚያ አካባቢ በእሱ ቁርበት ላይ ያልተኛ፣ በእሱ ጠፍር በሬ ያልጠመደ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ቆዳ የወጠረው እሱ ነው፣ ከበሮው ሲመታ ግን ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ነው የሚሰማው። የሠራውን ሊያስረክብ ሲሄድ ደጃፍ ላይ ያስቆሙታል። ውሃ ሲጠማው በኮባ ቅጠል ይቀዱለታል፤ ይጠጣና ቅጠሉን ይጥላል፣ ኩባያቸውን እንዳይነካ። አባቴም ከጎኑ ቆሞ የራሱን ቅጠል በሁለት እጁ ይዞ ጠጥቷል።

«አንዴ ይግቡ ሲሉኝ ለአፋቸው ይሆናል እላለሁ» አለኝ። «ሁለተኛም ለአፍ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ላይ ሰው አይዋሽም።»

ተናደድኩ። በእትዬ ብቻ አይደለም፣ በአባቴም ተናደድኩ። ያንን ጨዋነት የምለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ፍርሃት ነበር ለካ፤ በየሰዉ ደጃፍ ባርኔጣውን እያወለቀ ይዞት የሚዞረው። አለቀስኩ፣ ለቅሶዬም አናደደኝ።

«አትሄድም» አልኩት። «ጃኬቱም ከውጪ አይነሳም።»

«ልጄ፣ አንቺ ይህን አገር አታውቂውም። ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም አባዬ። ቦንጋ ላይ ግን ይሻግታል። ጃኬቱን አላየኸውም?»

ሻንጣውን ዘጋ። ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት ገመዱ የለም። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ፈትተው ወስደውታል። እኔም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ገመድ አላጣም። ጥጃ የማስርበትን ጠንካራውን ገመድ ከሞተሬ ላይ ፈታሁና አንዱን ጫፍ አቮካዶው ላይ፣ ሌላውን የውጪው በር ምሰሶ ላይ አሰርኩት። የትናንቱ ማስጫ ግቢው መሀል ነበር፤ ይሄኛው ግን ከመንገድ ፊት ለፊት ነው። ጃኬቱን በሰፊ መስቀያ ሰቀልኩት። ሱሪውን ዘረጋሁት፣ ያስቀየመውን ያስቀይም ብዬ። ጓንቶቹን ጎን ለጎን አንጠለጠልኩ። አባቴ ሻንጣውን ይዞ በራችን ላይ ቆሞ ያየኛል።

እትዬ ከጎረቤታቸው ጋር ሲመለሱ ከሩቅ ነው ያዩት። በሩ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ወሩንም አልጠብቅ» አሉኝ። «ስታስቢው እኔ ምን አድርጌሽ ነው? አጥሚት ሠርቼ አጠጥቼሽ?»

እውነታቸውን ነው፣ ምንም አላደረጉኝም። የኖሩበትን ነው የኖሩት።

አባቴ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መጥቶ ከጃኬቱ አጠገብ ቆመና በካፊኖኖ መናገር ጀመረ። ቀስ እያለ ነበር፣ ቃሉን ሲያጣው እየጠበቀ፣ ሲያገኘው እየቀጠለ። የአባቱን ስም ሰማሁ፤ የእኔም የአያት ስም ነውና ለየሁት። ዋጫ ሲል ሰማሁ። ጎረቤቲቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። እትዬ አልተነቃነቁም። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«የፋቂ ልጅ ነኝ አልኳቸው» አለኝ በአማርኛ። «አንቺም እንድትሰሚው።»

ከዚያ እንደገና ወደ እሳቸው ዞሮ በአማርኛ ቀጠለ። ያን ቀን እሜቴ አላላቸውም።

«እትዬ፣ ልጅ ሳሉ የተኙት ምን ላይ ነው?»

እትዬ ወደ ጎረቤታቸው አዩ።

«ቁርበት ላይ አይደለም?»

«ቁርበት ላይ ነው» አሉ፣ በቀስታ።

«ያለፋው ማን ነበር?»

እትዬ ገመዱ ላይ ያለውን ጃኬት አዩ፣ ወደ መሬት አዩ። ጎረቤቲቱ ሰላም ሳይሉ ሄዱ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የጓንቱን ጣቶች አቃናለሁ።

ዝናቡ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ቦንጋ ላይ ዝናብ አያካፋም፣ ይወርዳል። እኔ ሱሪውንና ጓንቱን ጠቅልዬ ወደ ቤታችን ሮጥኩ። ዞር ስል አባቴ እየተከተለኝ አይደለም። ጃኬቱን በትከሻዎቹ ይዞ ከመስቀያው ጋር አነሳው፣ እንዳይታጠፍ ክንዱ ላይ ዘረጋው፤ ከዚያ የቀረበው የእትዬ በረንዳ ስለነበር ወደዚያ ሄደ። ደረጃውን ወጣ። የሳሎናቸው በር ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ስለማይዘጋ ክፍት ነበር።

እንደሚቆም አውቃለሁ። ሲቆምም አየሁት። ጫማውን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጠረገ። ባርኔጣውን አላወለቀም። ይግቡ ያለው አልነበረም፣ የቤቱ ባለቤት ገና ግቢው መሀል ናቸው።

ገባ።

እኔም ዝናቡ ውስጥ ተመልሼ ሮጥኩና በረንዳው ሥር ደረስኩ። አባቴ ከሳሎኑ መሀል ያለውን ወንበር መርጦ ጃኬቱን መደገፊያው ላይ አስተካክሎ ሰቀለው፤ ጥግ ላይ ካለው የከሰል ምድጃ አርቆ፣ በመስኮቱ በኩል ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ። እጅጌዎቹን አቃና። ኮሌታውን አነሳ። አልቸኮለም።

እትዬ በዝናብ የራሰ ነጠላቸውን እየጨመቁ ደረጃውን ወጡ። በራሳቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጃኬቱን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ እግራቸውን ለማንሳት የከበዳቸው ይመስል እዚያው ቀሩ። ውሃው ከነጠላቸው ጫፍ ደፉ ላይ ይንጠባጠባል።

አባቴ ዞር ብሎ አያቸው።

«ይግቡ እንጂ» አላቸው። «ዝናብ ነው።»